መምህር የማይገባበት ግቢ

እትዬ ደወል የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ፣ ደወሉን የሚደውሉት፣ በሩን የሚዘጉት፣ ያረፈደውን ከአጥሩ ሥር አሰልፈው የሚያፋጥጡት እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን ሥራ ላይ ፊታቸው አይፈታም። ከሩቅ ብቅ ሲሉ ኮሪደር ላይ ተኮልኩሎ የሚያወራው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ «እንግዲህ እግርዎን ዘርግተው ይረፉ» ብለው ሸኟቸው። አረፉም። ሦስት ወር ካረፉ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚነሱ ግራ ገባቸው። ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተዋል፣ ቤቱም ከልክ በላይ ጸጥ ብሎባቸዋል።

በዚህ መሃል ነው አንድ የድሮ ተማሪያቸው የደወለላቸው።

«እትዬ፣ ትምህርት ቤት ከፍቻለሁ» አላቸው።

«ጎሽ። የት ነው?»

«ኦንላይን ነው፣ በኢንተርኔት። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ።»

«ታዲያ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? የምዘጋው በር የለ።»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ልጁ። «በሌለ በር እየወጡብኝ ነው። መስከረም ላይ መቶ ሰማንያ ነበሩ፤ አሁን መቶ አሥር አይሞሉም። ለምን እንደቀሩ የሚነግረኝ አጣሁ።»

እትዬ ደወል በማግስቱ ሄዱ። ትምህርት ቤት የተባለው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ክፍል ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፎ፣ የሒሳብ መምህሩ ብቻውን ቆሞ ለካሜራ ያስረዳል። በሁለተኛው ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የደረቀ አበባ አለ። እትዬ ዙሪያውን ተመለከቱና «ልጆቹስ?» አሉ። ርዕሰ መምህሩ፣ ያ የድሮ ተማሪያቸው፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠቆማቸው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥኖች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። አንዱም ፊት የለውም። የሒሳብ መምህሩ «ገብቷችኋል?» ሲል ከሳጥኖቹ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

«መቃብር ይመስላል» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

ሥራቸው የቀሩትን እየደወሉ መጠየቅ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ስልኩን ያነሱት የለመዱትን ፊት ይዘው ነው።

«ከትምህርት ቤት ነው። ትናንትም ከትናንት ወዲያም የለህም። ምክንያትህን አስረዳ።»

ከወዲያኛው ጫፍ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «እናቴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። አሁን ጎማ እየፈታሁ ነው» አለና ዘጋው።

እትዬ ደወል ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ዘንድ ደወሉ፤ ስድስቱ ዘጉባቸው፣ አንዷ አለቀሰችባቸው። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ነገሩ ከነከናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት «ለምን ቀረህ» እያሉ ኖረው፣ አንድም ቀን መልሱን ደህና አድርገው እንዳልሰሙት የገባቸው ያን ጊዜ ነው። የሚመጣው ሁሉ ፈርቶ ነበር የሚመጣው፤ እዚህ ግን የሚፈራቸው የለም።

በማግስቱ መጀመሪያ የደወሉት ለዚያው ለጎማ ጠጋኙ ነው።

«የትናንትናዋ ሴትዮ ነኝ። ይቅርታ ልልህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ጎማ የማይመጣብህ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ብረት ሲቀመጥ ተሰማ። «ጠዋት» አለ ሰውየው፣ «ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት። እሷን ጊዜ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።»

እትዬ በማስታወሻቸው ጻፉት። እንዲህ እንዲህ እያሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስታወሻው ሞላ። አንዱ ኔትወርክ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው። አንዷ ሕፃን ታዝላለች። አብዛኞቹ ግን የተናገሩት ሌላ ነገር ነው፤ ዞር ዞር ሲል እንዲህ የሚል፤ «ብኖርም ብቀርም የሚያውቅ የለም።»

ለርዕሰ መምህሩ ነገሩት። «ልጆች ድሮ ወደኛ የሚመጡት ለትምህርት ይመስልሃል? ለግቢው ነው። ሊሳሳቁ፣ ሊኮራረጁ፣ ሊኮራረፉ። ትምህርቱ እግረ መንገዳቸውን ነው የሚያገኛቸው። አንተ ክፍል ሠርተህ ግቢ ረሳህ።»

«ኮምፒዩተር ላይ ግቢ እንዴት ይሠራል?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምፈልገው ትምህርት ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚከፈት ቦታ ነው። መምህር አይገባም። ስም አይጠራም። የፈለገ በፈለገው ስም ይግባ፤ ካሜራውን ቢከፍትም ባይከፍትም የራሱ ጉዳይ።»

ተከፈተ። ስሙም «ግቢ» ተባለ። እትዬ ደወል ጠዋት ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍተው፣ ካሜራቸውን አብርተው፣ ሹራብ እየሠሩ ይቀመጣሉ። ማንም አልገባም። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም ጀመረ። የሒሳብ መምህሩ በበሩ አንገቱን ብቅ እያደረገ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ከሹራብ ሌላ የገባ አለ?» ይላቸዋል። «እጅጌው ደርሷል» ይሉታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ሳጥን ብቅ አለ። ስሙ «ጎሚስታው» ይላል።

«ሰው አለ?»

«አለሁ።»

«እዚህ ምንድን ነው የሚደረገው?»

«ምንም።»

«ጥሩ» አለ ጎሚስታው። ቁርሱን ሲያኝክ ተሰማ። ሦስት ቀን እንዲሁ መጣ፣ ቁርሱን በላ፣ ሄደ። በአራተኛው ቀን ለክፍሉ ሁሉ በሚደርሰው ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ግቢ ውስጥ ሴትዮዋ ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት። ነውር ነው።»

በማግስቱ ሰባት ሰው ገባ።

ከገቡት መሃል ራሷን «እንቅልፍ» ብላ የሰየመች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተር ገጭቷት እግሯ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል፤ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ስትከርም ጓደኞቿ አልፈዋት ሄዱ። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ በክራንች ተመልሳ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ አልፈለገችም። ግቢ ስትገባ ሰዉ «እንቅልፍ መጣች» ብሎ ይስቃል፤ እሷ ግን አትናገርም።

ሌላው ደግሞ ስም ያልመረጠ፣ የምዝገባ ቁጥሩ ብቻ የሚታይ «41» የሚባል ተማሪ ነው። ማይኩን ከፍቶ አያውቅም፤ ሲያሻው ይጽፋል። ዓይን አፋር ልጅ ነው ብለው ሁሉም «ወንድሜ አርባ አንድ» ይሉታል።

አንድ ቀን አርባ አንድ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይቅርታ፣ ይህ ኤክስ የሚባለው ማባዛት ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

የመጀመሪያው መንፈቅ ሊያልቅ ነው፣ ኤክስ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሰሌዳ ላይ አለ።

«እኔም ልጠይቅ ፈርቼ ነው» አለ ጎሚስታው።

ያን ጊዜ ነው እንቅልፍ ማይኳን የከፈተችው። ድምፅዋ ቀጭን ነው። «ኤክስ ማለት» አለች፣ «ገና ስሙን ያልነገረን ቁጥር ነው። እኛ የምንሠራው እየጠየቅን ስሙን ማውጣጣት ነው።» ከዚያ አንድ ምሳሌ ሠራች። ሁለተኛም ሠራች። ትምህርቱ ሲጀመር ማንም መውጣት አልፈለገም። ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ በየጠዋቱ ሒሳብ ታስረዳለች፤ አርባ አንድ ሌላው የሚያፍርበትን ጥያቄ ይጽፋል። እትዬ ደወል ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ የጥናት ጓደኛ ሲያጣምሩ፣ እነዚህን ሁለቱን ሳያስቡት አንድ ላይ መደቧቸው። ሁለቱም ጥሩ ውጤት ማምጣት ጀመሩ።

የካቲት ላይ እንቅልፍ አራት ቀን ጠፋች። እትዬ ከመዝገቡ የወላጇን ስልክ አውጥተው በእጅ ስልካቸው ደወሉ። ቁጥሩን ጽፈው ሲጨርሱ ስልካቸው ራሱ የተማሪዎቹን ቁጥር ሲመዘግቡ ያስገቡትን ስም አመጣው፤ «አርባ አንድ» ይላል። ቁጥሩን የተሳሳቱ መስሏቸው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። አንድ ነው። ግራ እንደገባቸው ስልኩ ተነሳ። ከበስተጀርባ ከባድ የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«አቤት፣ እትዬ» አለ የሴት ድምፅ።

«የእንቅልፍ እናት ዘንድ ነበር የደወልኩት።»

«እኔ ነኝ።»

«አርባ አንድስ?»

ሴትየዋ ከማሽኑ ራቅ አለች። «እሱም እኔ ነኝ።»

እናትየው በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ልጇን ልታስመዘግብ የሄደች ቀን፣ ዕድሜ ይገድባል ወይ ብላ እንደዋዛ ጠየቀች። አይገድብም ተባለች። ሁለት ፎርም ይዛ ወጣች። እናትና ልጅ የአባት ስማቸው ስለሚለያይ መዝገቡን ያየ ሁሉ ልብ አላለም። ጠዋት ማሽኖቹ እስኪሞቁ ድረስ አንሶላ ክምር ጀርባ ቆማ ግቢ ትገባለች፤ የትምህርቱን ቀረጻ በምሳ ሰዓት ታያለች።

«ልጄ አታውቅም። እንዳይነግሩብኝ» አለች። «ብወድቅ ብቻዬን ልውደቅ። እሷ ፊት መውደቅ አልችልም፣ እትዬ። ‹አንተ› ብላ ስትጽፍልኝ ዝም አልኩ። ‹እኔ› ሲባል ወንድና ሴት አይለይ፤ እሱ ረዳኝ።»

«አሁን የት ናት?»

«አልጋ ላይ። ሐኪሙ ሦስተኛ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልግሽ አይቀርም ካላት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እኔን አታናግረኝም።»

እትዬ ደወል አሰቡ። ያሰቡት ነገር ያን ጊዜ ብልህነት መሰላቸው። «አንቺን ካላናገረች ለአርባ አንድ ትመልስ ይሆናል። እስቲ ጻፊላት» አሉ።

እናትየው በትምህርት ቤቱ የመልእክት ሳጥን ጻፈች፦ «ከጠፋሽ ወዲህ ኤክስም ስሙን አልነግርም ብሎናል።» በማግስቱ እንቅልፍ ግቢ ገባች። እትዬ ሹራባቸውን አስቀምጠው በደስታ እጃቸውን አፋተጉ። የሆነ ነገር ግን ውስጣቸውን ቅር አለው። አፍነው ዋጡት።

ሁለት ወር ደህና አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እናትየው እያለቀሰች ደወለች።

«እትዬ፣ ልጄ ጻፈችልኝ። ለአርባ አንድ ማለቴ ነው።»

«ምን ብላ?»

«‹እናቴ እኔን ባትወልድ ትምህርቷን ትጨርስ ነበር። አሁንም የኔ እግር ነው የሚያለፋት። ለሷ ግን አልነግራትም፣ ልቧ ይሰበራል› ብላ። እኔ እሷን ሳልወልድ ነው እኮ ያቋረጥኩት። ምን ብዬ ልመልስላት? በማን አፍ?»

እትዬ ደወል ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ልጅቱ ለእናቷ የማትነግረውን ለእናቷ ነግራለች፤ ያን ወጥመድ ካጠመዱት አንዷ እሳቸው ናቸው።

«ዛሬውኑ ንገሪያት» አሉ። «ያን ጊዜም ጻፊላት ማለት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱንም ጨምረሽ ንገሪያት።»

እናትየው ያን ዕለት ማታ እራት ሳይነሳ ነገረቻት። ልጅቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስልኩን ተቀብላ የአርባ አንድን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ መልሳ ሰጠቻት፣ ክራንቿን አንስታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በማግስቱ «እንቅልፍ» የሚለው ስም ከግቢም ከክፍልም ጠፋ። «41»ም አልገባም። ግቢው ውስጥ ሰዉ ይጠይቃል፤ እትዬ «ደህና ናቸው» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

አንድ ሳምንት ታግሠው ለርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ተናዘዙ። እሱም ጭንቅላቱን ይዞ ቆየና «ልደውልላት?» አለ።

«ጥፋቱስ በስልክ አይደል የመጣው። በእግሬ ነው የምሄደው።»

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው መደገፊያው ተነቃንቋል። እትዬ ሲወጡ፣ በሁለት ክራንች ይህን እንዴት ትወርዳለች እያሉ ነበር። በሩን ልጅቱ ራሷ ከፈተች። ከዚህ በፊት ፊቷን አይተውት አያውቁም፤ ካሰቡት በላይ ልጅ ናት። እሷ ግን በካሜራ ታውቃቸዋለች።

«ሹራቡ አለቀ?» አለች፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«አላለቀም። ልግባ?»

ገቡ፤ እንዲቀመጡ አልተባሉም፣ ቆሙ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ። «እናትሽ ፈርታ ነው የደበቀችሽ። እኔ ግን ፍርሃት አልነበረብኝም፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነው። አንቺን ለመመለስ ብዬ አታለልኩሽ። መመለስሽን እንጂ አንቺን አላሰብኩም።»

ልጅቱ ወለሉን ታያለች። «ሁሉም ያውቁ ነበር?»

«እኔና እናትሽ ብቻ።»

«ጎሚስታውስ?»

«እሱ እስከዛሬ አርባ አንድ ጎረምሳ ይመስለዋል። ፂም ሲያወጣ ምላጭ እሰጠዋለሁ እያለ ነው።»

የልጅቱ ከንፈር ሊፈታ ሲል መልሳ ሰበሰበችው። «እኔ እኮ ጓደኛ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ልክ ነሽ» አሉ እትዬ ደወል።

ቧንቧው ኩሽና ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ልጅቱ ወንበር በክራንቿ ገፋ አደረገችላቸውና «እናቴ እንዴት ናት? ትምህርቱን ማለቴ ነው። እርስ በርስ እየተነጋገርን አይደለም» አለች።

«አንቺ ከቀረሽ ጀምሮ አልገባችም።»

ቀና አለች። «ቀረች? እሷ ለምን ትቀራለች? ፈተናው እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ክፍልፋይ ላይ ገና ነች!»

«እሱን ለሷ ንገሪያት።»

ልጅቱ ቃላቱን እየመረጠች ተናገረች። «እመለሳለሁ። ግን የጥናት ጓደኛዬን ይቀይሩልኝ፤ ከእናቴ ጋር ቤት እናጠናለን። ሌላው ደግሞ፣ ስለኔ እኔ ሳላውቅ ከማንም ጋር አይምከሩ። ከእናቴም ጋር ቢሆን።»

እትዬ ማስታወሻቸውን አውጥተው እዚያው ፊት ለፊቷ ጻፉት። ርዕሰ መምህሩ በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ተማሪ የሚሆን አድርጎ አስተካከለና ተማሪ የሚከታተል አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያነበው ነገር አደረገው።

ሰኞ ጠዋት እንቅልፍ ግቢ ገባች። ቀጥሎ «41» ገባ። አንድ ሁለት ሰው ሰላም ሲል የአርባ አንድ ሳጥን በራ፤ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ አንሶላ የተከመረባት የአርባ ዓመት ሴት ታየች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች። «እኔ ነኝ አርባ አንድ። የእንቅልፍ እናት ነኝ።»

ጎሚስታው ማኘኩን አቆመ። «እርስዎ?» አለ። «ያን ሁሉ ቀን ‹ወንድሜ› ስልዎት!»

«ምን ቸገረኝ፤ ወንድም አልነበረኝም።»

ሁሉም ሳቁ። እንቅልፍ ካሜራዋን አልከፈተችም፤ ግን ትንሽ ቆይታ «እማዬ፣ ትናንት የሰጠሁሽን አራተኛውን ሠራሽው?» ስትል ተሰማች። እናትየው እንደ ማንኛውም ተማሪ ደብተሯን ስታገላብጥ ቆየችና «አልጨረስኩም» አለች።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። ልጅቱ ከእትዬ ደወል ጋር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ቁጥብ ነበረች፤ ስትጠየቅ ትመልሳለች እንጂ እንደ ድሮው የልቧን አታወራም። እትዬም አልተጫኗትም። ጠዋት ይከፍታሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ይሠራሉ።

የዓመቱ ፈተና በአካል ነው የተሰጠው፣ በተከራዩት አዳራሽ። አብዛኞቹ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ስለነበር በሩ ላይ ሰዉ በድምፅ ይተዋወቅ ጀመር። አንድ ጥቁር፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ ሰው «ደህና አደራችሁ» ሲል አምስት ሰው በአንድ አፍ «ጎሚስታው!» አለ። እናትና ልጅ ለየብቻ ተቀመጡ፤ እናት ከፊት፣ ልጅ እግሯን ዘርግታ በስተኋላ በኩል። እትዬ ደወል በመደዳው መሃል ሲዘዋወሩ፣ እናትየው የተቀረጸ እርሳሷን መልሳ ስትቀርጽ አዩና አለፏት።

ሁለቱም አለፉ። ልጅቱ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች፤ እናትየው ሒሳብን በሁለት ነጥብ ዳነች። ጎሚስታው እንግሊዝኛ ወድቆ ክረምቱን ደገመው። ሦስተኛው ቀዶ ጥገና በክረምቱ ተደረገና ልጅቱ በአንድ ክራንች መሄድ ቻለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ መመለስ እየቻለች እዚሁ ቀረች። ጠዋት ጠዋት ግቢ ከሚገቡት መሃል ዛሬም አለች፤ አዲስ ለሚገቡት ኤክስን የምታስተዋውቀው እሷ ናት።

ያን የፈተና ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ እናትና ልጅ ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ እትዬ ደወል ደረሱባቸው።

«ሰባተኛውን ስንት አመጣሽ?» ትላለች ልጅ።

«አሥራ ሁለት።»

«እንዴት አሥራ ሁለት? ዘጠኝ ነው እንጂ።»

«አሥራ ሁለት ነው አልኩሽ። ሁለቴ ነው የሠራሁት።»

ሁለቱም ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ ደወል እጃቸውን አነሱና «እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ሒሳብ አላውቅም» አሉ። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊት ለፊታቸው ሳቀች። ውጤቱ ሲመጣ ሰባተኛውን ሁለቱም ስተውታል።